ስለሚያስቁ ልብ ወለዶችና ስለሚሳቅበት ሰው

የፈተናው ወራት አልፎ ዕረፍት ሲመጣ ብዙ ጓደኞቻችን የሚያስቅ መጽሐፍ እንድንጠቁማቸው ይጠይቁናል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ መልሱ ግን እንደሚታሰበው አይደለም። በአገራችን ልብ ወለድ ሲጻፍ ምክርና ተግሣጽ እንዲሰጥ ሲጠበቅ ኖሯል፤ ሳቅ ግን የቃል ጨዋታ፣ የእነ አለቃ ገብረ ሐና ድርሻ ሆኖ ተቈጥሯል። ስለዚህም የሚያስቅ መጽሐፍ ይዞ የተገኘ ተማሪ ጊዜውን በከንቱ ያባከነ ይመስለውና መጽሐፉን ከደብተሩ ሥር ይሸሽገዋል። እኛ በዚህ አንስማማም። ይሁን እንጂ የሚያስቅ ሁሉ አንድ አይደለምና፣ መጻሕፍቱን ከመጥራታችን በፊት የመረጥንበትን ሚዛን መግለጽ ይገባናል።

ቀልድ አንድ ጊዜ ተነግሮ ያልቃል። ሦስት መቶ ገጽ ሙሉ ሊያስቅ የተነሣ ደራሲ ግን በአንድ ሰው አንካሳነት ወይም በአንድ ባላገር አነጋገር ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ሊዘልቅ አይችልም፤ ከሃያ ገጽ በኋላ ይሰለቻል። እንዲህ ያለው መጽሐፍ የሚያሳየን የደራሲውን ትዕቢት ብቻ ነው። የሚዘልቀው ሳቅ የሚመነጨው አንድ ሰው ራሱን ከሚገምትበትና በእውነት ከሆነው መካከል ካለው ርቀት ነው። ይህ ርቀት በባለታሪኩ ብቻ ሳይሆን በእኛም በአንባቢዎቹ ላይ ሲገኝ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው እንላለን። (የውጭ አገር መጻሕፍትን ዘመን በአውሮፓ አቈጣጠር እናስቀምጣለን።)

በዚህ ሚዛን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ የመጀመሪያው መጽሐፍ የካሜሩናዊው ሞንጎ ቤቲ «ተልእኮ ወደ ካላ» ነው። በ1957 በፈረንሳይኛ ታትሞ በኋላ ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሟል። ባለታሪኩ ዣን ማሪ ሜድዛ የባካሎሬያ ፈተና ወድቆ፣ የአባቱን ዓይን በምን ፊት እንደሚያይ እየተጨነቀ ወደ አገሩ ይመለሳል። ዘመዶቹ ግን የሚያዩት መውደቁን ሳይሆን መማሩን ነው። ከመካከላቸው የአንዱ ሚስት ከሌላ ሰው ጋር ኰብልላ ኖሮ፣ የተማረ ሰው ቃሉ ይከበራልና ሄዶ ያምጣት ብለው ካላ ወደምትባል ሩቅ መንደር ይልኩታል። የካላ ሰዎችም እንደ ታላቅ ሊቅ ይቀበሉታል፤ ማታ ማታ በየቤቱ እየጠሩ ይጠይቁታል፤ በግና ዶሮም ያመጡለታል። ያሳደረው አጎቱም ከስጦታው ድርሻውን ማንሣት አይረሳም። ታዲያ አንድ ማታ ነጮቹ ምን እንዳስተማሩት ሲጠየቅ፣ ጂኦግራፊ ብሎ ይመልሳል። ጂኦግራፊ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ግን ያልበዋል። ስንት ዓመት ሲማረው የኖረውን ነገር ፊደል ላልቈጠረ ሰው ማስረዳት ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ስንደርስ መጽሐፉን አጥፈን ጣሪያ ጣሪያ ማየታችን አይቀርም። ከመካከላችን ለክረምት ወደ ቤቱ ሲገባ እናቱ «ልጄ፣ ለመሆኑ የምትማረው ምንድን ነው?» ብላ ያልጠየቀችው ማን ነው? «ሶሲዮሎጂ» ብለን ከመለስን በኋላ የሚመጣውን ዝምታ ሁላችንም እናውቀዋለን። እናቲቱ ዝም የምትለው ስላልገባት ነው ብለን እንጽናናለን፤ ሞንጎ ቤቲ ግን ምናልባት ያልገባን እኛን ሊሆን እንደሚችል እያሳቀ ይነግረናል። ደግሞም መንደሩን አያቈላምጥም፤ የካላ ሽማግሌዎች ጮሌዎች ናቸው፤ እንግዳው ሊቅ ሲያልበው እነሱ በጉን ይቈጥራሉ። ሚስቲቱ ተገኝታ እንደሆነ ግን እዚህ አንናገርም።

ሁለተኛው የዚያው አገር ሰው የፈርዲናንድ ኦዮኖ «ሽማግሌውና ኒሻኑ» ነው፤ የታተመው በ1956 ነው። ሜካ የተባለው ገበሬ መሬቱን ለሚሲዮን ሰጥቷል፤ ሁለት ልጆቹም ለፈረንሳይ ሲዋጉ ሞተውበታል። ለዚህ ሁሉ ውለታ የፈረንሳዮች ብሔራዊ በዓል ዕለት ኒሻን እንዲሸለም ይጠራል። በኖራ በተሠመረ ክብ ውስጥ ፀሐይ ላይ ገትረውት ይቈያሉ፤ አዲሱ ጫማው እግሩን ያቃጥለዋል፤ በዚያ ላይ ሽንቱ ይመጣበታል። ክብርና ሽንት አንድ ላይ ሲታገሉ የሚታይበት ይህ ምዕራፍ እስከ ዛሬ ካነበብናቸው ሁሉ የሚያስቀን ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ሳይደርስ ያው ባለኒሻን ሰው በነጮቹ ሠፈር በሌሊት ሲንከራተት ተይዞ፣ በፖሊስ ተደብድቦ ይታሠራል፤ ኒሻኑም ጠፍቶበታል። ሳቃችን ያን ጊዜ ጉሮሯችን ላይ ይቀራል። የሁለቱ ደራሲዎች ኋላ ታሪክ ራሱን የቻለ ልብ ወለድ ነው፤ ሞንጎ ቤቲ ረዥም ዘመን በስደት ፈረንሳይ ኖሮ አገሩን እንደገና ያየው በ1991 ነው፤ ኦዮኖ ደግሞ አምባሳደርና ሚኒስትር ሆነ፤ ከ1960 በኋላም ሌላ ልብ ወለድ አላሳተመም።

ስለ ሰርቫንቴስ «ዶን ኪኾቴ» ያልሰማ የለም፤ ያነበበው ግን ጥቂት ነው። በ1605ና በ1615 በሁለት ክፍል ወጥቶ ወደ ሺሕ ገጽ ስለሚደርስ ያስፈራል። ምክራችን የመጀመሪያዎቹን አሥር ምዕራፎች መሞከር ነው፤ የነፋስ ወፍጮዎቹ ስምንተኛው ላይ ናቸው። ካላሳቀ ያለ ኀፍረት መመለስ ይቻላል። ከዚያ በኋላ የክቡር ሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) እንደገና እንዲከፍቱ እንለምናለን። ይህን መጽሐፍ ሁላችንም ለሰብለና ለበዛብህ ስናለቅስ ስለምናነበው፣ ፊታውራሪ መሸሻ ምን ያህል እንደሚያስቁ እንረሳለን። ዘራቸውን እየቈጠሩ ለልጃቸው ባል የሚሆን ሰው ያጡት፣ አንገብርም ያሉትን ገበሬዎች ሊቀጡ በፉከራ ዘምተው ተማርከው የቀሩት እኚህ መኰንን ለስፔኑ ባላባት የቅርብ ዘመድ ናቸው። ልዩነቱ ዶን ኪኾቴ ገባር የሌለው መሆኑ ነው፤ የፊታውራሪን እብደት ዋጋ የሚከፍል ግን ሌላ ሰው አለ።

ሕግና ኢኮኖሚክስ ለሚማሩ ጓደኞቻችን የጎጎልን «የሞቱ ነፍሳት» (1842) እናክላለን። በዚያን ጊዜ ሩሲያ የሞተ ገባር እስከሚቀጥለው ቈጠራ ድረስ በመዝገብ ላይ እንደ ሕያው ስለሚቈጠር፣ ቺቺኮቭ የሙታኑን ስም በርካሽ እየገዛ በመያዣነት ብድር ሊያወጣበት ይዞራል። ሐሳቡን የሰጠው እኛ ዘመዳችን የምንለው ፑሽኪን መሆኑን ጎጎል ራሱ ጽፏል። ሁለተኛውን ክፍል በ1852 ከመሞቱ ጥቂት ቀናት በፊት አቃጠለው። የቼኩ ሃሼክ «ጥሩው ወታደር ሽቬይክ» ደግሞ ደራሲው በ1923 ስለሞተ ሳያልቅ ቀርቷል፤ ትእዛዝን እስከ መጨረሻው ፊደል በመፈጸም አዛዡን የሚያዋርድ ወታደር ማየት የሚፈልግ ግን አለማለቁ አያስቸግረውም።

ከውጭዎቹ መጻሕፍት ሁሉም በእንግሊዝኛ ይገኛሉ። ቅጂው አንድ፣ ፈላጊው ስድስት ሲሆን፣ መኝታ ክፍል ውስጥ አንዱ ጮክ ብሎ ቢያነብ ይሻላል፤ የሚያስቅ መጽሐፍ ለብቻ ሲያነቡት ግማሽ ይሆናል። ማልዶ ፈተና ያለበት ጓደኛ በአጠገብ ተኝቶ ከሆነ ግን የሜካን የፀሐይ ምዕራፍ ለሌላ ማታ ማስተላለፍ ነው።