ዘንግ የሌለበት ፓርኪንግ

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ሁለት ዓመት አልፎኝም በሁለት መኪኖች መካከል ማቆም አልችልም ነበር። በማሰልጠኛው ሜዳ «ዘንጉ በኋላ መስታወት ጥግ ሲታይህ መሪውን ጨርስ» ተብዬ፣ ይህንኑ ሸምድጄ ፈተናውን አልፌያለሁ። ከተማ ውስጥ ግን ዘንግ የለም። እናቴን ሐኪም ቤት ያደረስኩ ዕለት ደጃፉ ላይ ክፍት ቦታ እያየሁ ፈርቼ አለፍኩት፤ ጉልበቷን የሚያማትን ሴት ከሩቅ በእግሯ አስኬድኳት። እሷ ምንም አላለችም። እኔ ግን አፈርኩ።

ከዚያ ወዲያ እሑድ ጠዋት፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ከአንድ የታክሲ ሹፌር ወዳጄ ጋር መለማመድ ጀመርኩ። «ዘንጉን እርሳው፤ ምልክቱን ከመኪናህ ላይ ፈልግ» አለኝ።

መጀመሪያ ቦታውን መገመት ነው። የመኪናችሁን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ከሆነ ይበቃል፤ 4 ሜትር ተኩል ለሆነች መኪና 7 ሜትር ግድም ማለት ነው። ፍሬቻ አብርታችሁ፣ ከፊተኛው መኪና በስተግራ 1 ሜትር ያህል ርቃችሁ፣ የኋላ ፓራውልታችሁ ከእሱ የኋላ ፓራውልት ጋር ሲስተካከል ቁሙ።

ቀጥሎ ኋላ ማርሽ አስገብታችሁ በዝግታ እየሄዳችሁ መሪውን ወደ ቀኝ ጨርሱ። የመኪናው ፊት ወደ መንገዱ መሃል ስለሚወጣ የሚመጣ አለመኖሩን አስቀድማችሁ እዩ። የኋለኛው መኪና ሁለቱም የፊት መብራቶች በግራ ስፖኪዮ ውስጥ ሲታዩ መሪውን አቅኑና ቀጥ ብላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። የፊት ቀኝ ጥጋችሁ ከፊተኛው መኪና ፓራውልት ሲያልፍ መሪውን ወደ ግራ ጨርሱ።

በኋላ ማርሽ የሚገባበት ምክንያት ቀላል ነው። የሚታጠፉት የፊት ጎማዎች ናቸው፤ የኋላዎቹ ይከተላሉ እንጂ ወደ ጎን አይሄዱም። በፊት የገባ ሰው ኋላው መንገድ ላይ ይቀርበታል።

ታዲያ ምልክቱ እንደ ቁመታችሁ፣ እንደ ወንበራችሁና እንደ ስፖኪዮው አቀማመጥ ይለያያል። ስለዚህ መኪናውን አንድ ጊዜ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ በትክክል አቁሙና ጠርዙ በቀኝ ስፖኪዮ የት ላይ እንደሚታይ ልብ በሉ። ያ የራሳችሁ ዘንግ ነው። ከተበላሸ ደግሞ ወጥቶ እንደገና መጀመር ነውር የለውም፤ ከኋላ ክላክስ የሚያስጮኸው ሰው ለተገጨው መኪና አይከፍልላችሁም።

በቅርቡ እናቴን እዚያው ሐኪም ቤት ደጃፍ አወረድኳት። «ዛሬስ ቅርብ ነው» አለችና ገባች።