ከሌላ ውኃ ስለ መጣ ዓሣና ስለ ጠላቂዎች ትምህርት

በወሎ፣ ከደሴ በስተ ሰሜን፣ ጥንታዊው የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ 88 ሜትር ያህል ጥልቀት አለው። ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም። ዛሬ አጥማጆች ከዚያ የሚያወጡት ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ግን የዚህ ውኃ ተወላጅ አይደለም፤ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1978 ዓ.ም. ለሕዝቡ ምግብ እንዲሆን ከሌላ ስፍራ አምጥተው ጨመሩት። ዓሣውም ተባዛ፤ የሚተዳደሩበት ቤተ ሰቦች አሉ። ነገር ግን ቀድሞ ጥሩ የነበረው ውኃ ከዚያ ወዲህ ደፈረሰ። የመረመሩት ሊቃውንት ምክንያቱን እንዲህ ገመቱ፤ አልጌ የሚባለውን አረንጓዴ ደቂቅ የውኃ ተክል የሚበሉ ጥቃቅን ነፍሳት ነበሩ፤ እነዚያን ቆሮሶ፣ ይልቁንም ግልገሉ በላቸው፤ የሚበላው ያጣ አልጌም ውኃውን ሞላው።

እንግዳ ዓሣ የሚያደርሰው ጉዳት ከዚህ ይልቅ ጎልቶ የታየው በአሜሪካ ባሕር ነው። የአንበሳ ዓሣ የሚባለው ባለ ሽንትር ዓሣ አገሩ ቀይ ባሕር፣ የሕንድና የሰላማዊ ውቅያኖስ ነው። በ1985 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ዳርቻ ታየ፤ በመስተዋት ገንዳ ለጌጥ ያሳድጉት የነበሩ ሰዎች እንደ ለቀቁት ይታመናል። እንስቲቱ በዓመት እስከ 2 ሚሊዮን እንቁላል ስለምትጥል በካሪብ ባሕር ሁሉ ተሠራጨ። የዚያ አገር ትንንሽ ዓሦች ጠላትነቱን አያውቁምና ሳይሸሹ ይበላቸዋል።

መኖሪያው ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከአካላቸው በሚሠሩት፣ ኮራል በተባለው ቋጥኝ መካከል ነው። በዚያ መረብ ቢጥሉ ቋጥኙን ይሰብራል፤ መንጠቆም እምብዛም አይዘውም። ስለዚህ ሰው ራሱ ጠልቆ በጦር ሊወጋው ግድ ሆነ። በቦኔይር ደሴት ዓሣን በጦር መውጋት ክልክል ሲሆን፣ ትምህርቱን ለፈጸሙ ጠላቂዎች ለዚህ ዓሣ ብቻ ተፈቀደላቸው።

ትምህርቱ ከጦር አያያዝ በፊት ከእሾኹ ይጀምራል። ዓሣው በጀርባው፣ በሆዱና በጅራቱ አጠገብ 18 መርዛም እሾኾች አሉት። የተወጋ ሰው ቆዳ በማያቃጥል መጠን የሞቀ ውኃ ውስጥ ቁስሉን ይነክራል፤ ሙቀት መርዙን ያደክማልና። ከዚያ ጠላቂው ቀስ ብሎ መቅረብን፣ ከዓሣው በስተ ኋላ ኮራል እንዳለ አስቀድሞ ማየትን፣ የተወጋውንም በእጁ ሳይነካ ወደ ጠንካራ ማስቀመጫ መክተትን ይማራል። በአደኑ ሲመሰጥ በጀርባው የተሸከመው አየር እንዳያልቅበት መጠንቀቅ አለበት። ከሁሉ የሚያስፈልገው አለመሳት ነው። ብዙ በታደነበት ስፍራ የሚኖር ዓሣ ሰው ሲቀርብ በዋሻ እንደሚሸሸግ ተመርምሮ ታውቋል፤ ያልተማረ አዳኝ እንግዲህ ዓሣውን ያስተምረዋል።

እንዲህም ሆኖ ሥራው አያልቅም። ተራ ጠላቂ ከ40 ሜትር በታች አይወርድም፤ ዓሣው ግን ከ100 ሜትር በታችም ይኖራል። ሆኖም እየተመላለሱ በሚያድኑበት ቋጥኝ ትንንሾቹ ዓሦች እንደ ገና በዝተዋል።

በሐይቅ ግን ይህ አይሆንም። በደፈረሰ ውኃ ጠላቂ አርቆ አያይም፤ ቆሮሶውን ማጥፋትም የአጥማጁን እንጀራ ማጥፋት ነው። በዚያ ዓሣውን የሚገዛው የመረቡ ዓይን ስፋት ነው። ዓይኑ ሰፊ ሲሆን ግልገሉ አምልጦ ለከርሞ ያድጋል፤ ነገር ግን ውኃውን የሚያጠሩትን ጥቃቅን ነፍሳት አብልጦ የሚበላው ይኸው ግልገል ነው።