ያውቁ ኖሯል? ከቦናያ ሜዳ እስከ ነቀምቴ ሙዚየም

• በየአገሩ ሙዚየሞች ከሰጠሙ መርከቦች የወጡ ቅርሶች ይታያሉ። ባሕር በሌላት ነቀምቴ ደግሞ በወለጋ ሙዚየም የሚታየው ታላቅ ስብርባሪ ከሰማይ የመጣ ነው፦ የጣሊያን የጦር አውሮፕላን ቅሪት። ታሪኩ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር የተሳሰረ ነው።

• ሰኔ 19 ቀን 1928 ዓ.ም. ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች በነቀምቴ አቅራቢያ ቦናያ ላይ አረፉ። ዓላማቸው ምዕራቡን አገር ለፋሽስት ወረራ ማመቻቸት ነበር።

• የሆለታ ጦር ትምህርት ቤት ወጣቶች የነበሩበት የጥቁር አንበሳ ጦር በሌሊት ደርሶ አውሮፕላኖቹን አቃጠለ። ጄኔራል ማልዮኮን ጨምሮ 12 ጣሊያኖች ተገደሉ። የተረፉት በወለጋ የኖሩትና ቋንቋውን የሚያውቁት ሚሲዮናዊ አባ ቦሬሎ ብቻ ናቸው።

• ከሟቾቹ አንዱ ስመ ጥሩው አብራሪ አንቶኒዮ ሎካቴሊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1924 አትላንቲክን ሲያቋርጥ አውሮፕላኑ ግሪንላንድ አጠገብ ባሕር ላይ ለማረፍ ተገድዶ፣ ከቀናት በኋላ የአሜሪካ የጦር መርከብ ‘ሪችመንድ’ አግኝታ አትርፋዋለች። ከውቅያኖስ የተረፈው ሰው ፍጻሜው ወለጋ ላይ ሆነ።

• የጥቁር አንበሳ የመጀመሪያ መሪ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ በሙያቸው የእንስሳት ሐኪም ነበሩ።

በነቀምቴ ሲያልፉ ሙዚየሙን ሳይጎበኙ አይሂዱ፤ ልጆችዎንም ይዘው ይግቡ። ያ ብረት አገር በጨለመባት ዘመን ወጣቶቿ እጅ እንዳልሰጡ ይመሰክራል።