ጠላቂው በካርዱ ያልፋል፣ አሠልጣኙ ግን ይፈተናል

ውድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ

በአውሮፓ የተማርኩትን የምህንድስና ዲግሪ አሜሪካ ውስጥ ለማስገምገም ወራት ጠብቄአለሁ። የኮርሶቼ ዝርዝር በታሸገ ፖስታ ተላከ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ተላከ። በዋሽንግተን ዙሪያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ይህን ታሪክ ከእኔ በላይ ያውቀዋል፤ ከራሱ ባይደርስ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ደርሶበታል።

በተማሪነቴ ዘመን ያወጣኋት የስኩባ ጠላቂነት ካርድ ግን እንዲህ አላንገላታችኝም። እዚህ ውድብሪጅ አካባቢ ባለ የጠላቂዎች መሣሪያ መሸጫ አቀረብኳት፤ ሻጩ አየት አድርጎ መለሰልኝና ለቀጣዩ ደረጃ ኮርስ መዘገበኝ። ካርዷን የሰጠኝ ድርጅት ሱቁ ከሚሠራበት ድርጅት የተለየ ነው። ይህን ጉዳይ አላነሣውም። አሠልጣኝ ሆኜ የማስተማር ፈቃዴን ይዤ ብመጣ ኖሮ ግን ነገሩ በዚህ አይቋጭም ነበር።

ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ለማየት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል። በ1952 እና 1953 እ.ኤ.አ. አንድ የጣልያን ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ሲጠልቅ፣ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በዚያ ወቅት ማለት ነው፣ በመላው ዓለም እውቅና ያለው የጠላቂነት ካርድ አልነበረም። ፎልኮ ኩዊሊቺ ያንን ጉዞ በፊልም አስቀርቶታል። ድርጅቶቹ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ በ1959 ዣክ ኩስቶ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት የሆነለት ዓለም አቀፍ ኮንፌዴሬሽን፣ በ1960 በሂዩስተን የመጀመሪያውን የአሠልጣኞች ኮርስ የሰጠው ናዊ፣ በ1966 በኢሊኖይ የተቋቋመው ፓዲ፣ በ1970 ደግሞ ኤስ.ኤስ.አይ.። ሁሉም የግል ወይም የማኅበር ተቋማት ናቸው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ለመዝናኛ ጠለቃ አሠልጣኝ ፈቃድ አይሰጥም፤ በ1977 የወጣው የሙያ ጠላቂዎች ደኅንነት ደንብ እንኳ በታመቀ አየርና ሳያቆሙ መውጣት በሚፈቀድበት የጥልቀትና የጊዜ ገደብ ውስጥ የሚካሄድን ማስተማር ከአስገዳጅነቱ ነጻ አድርጎታል። ስለዚህ የማስተማር ፈቃድ የሚባለው በተግባር የአንድ ድርጅት አባልነት ነው።

የተማሪው ካርድ ከድርጅት ወደ ድርጅት በቀላሉ የሚያልፈው፣ የሚመሰክረው ነገር የተወሰነና ለሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ሰውዬው መነጽሩ ውኃ ቢገባበት ማጽዳት፣ ከአፉ የወጣውን ሬጉሌተር መልሶ ማግኘት፣ አየር ሲያልቅበት ከጓደኛው ተጋርቶ መውጣት ይችላል ነው የሚለው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት እስከ 20 ሜትር በራሱ የሚጠልቅን ሰው ብቃት በቁጥር 24801፣ የአሠልጣኞችን ደግሞ በቁጥር 24802 ደንግጎታል። በወረቀት ላይ እንግዲህ አሠልጣኞችም እኩል ናቸው።

ሆኖም አንድ ተማሪ ውኃ ውስጥ ቢጎዳ የሚነሣው ጥያቄ «አሠልጣኙ ጎበዝ ጠላቂ ነበር ወይ?» ብቻ አይደለም። «የድርጅቱን ደንብ አክብሯል ወይ?» የሚል ይከተላል። የኃላፊነት ኢንሹራንሱም የታሰረው ከዚሁ ጋር ነው። ደንቦቹ ደግሞ ይለያያሉ። የናዊ አሠልጣኝ ከዝቅተኛው መስፈርት በላይ ተጨማሪ ክህሎት ጠይቆ፣ ያንን ያላሟላ ተማሪ ካርድ እንዳያገኝ ማድረግ ይችላል። የፓዲ አሠልጣኝ ይህን ማድረግ አይፈቀድለትም፤ የተጻፈውን መስፈርት ላሟላ ተማሪ ካርዱን ይሰጣል፣ ከራሱ ጨምሮ ማለፊያ መስፈርት አያደርግም። ሃያ ዓመት በመጀመሪያው መንገድ ያስተማረ ሰው ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ከባድ የሚሆንበት የውኃው ሥራ አይመስለኝም። የሚከብደው ልማዱን መተው ነው።

ለዚህ ነው ፓዲ ከሌላ ድርጅት የመጣን አሠልጣኝ ሙሉውን የአሠልጣኞች ኮርስ ከመጀመሪያው ባያስደግመውም፣ ደንቡንና የማስተማሪያ ሥርዓቱን የሚመለከተውን ክፍል አስተምሮ ወደ ፈተናው የሚያስገባው። ፈተናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ቀን ይፈጃል። ፊዚክስ፣ የሰውነት አሠራር፣ መሣሪያ፣ ክህሎትና አካባቢ፣ የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዥ በጽሑፍ ይጠየቃሉ፤ ማለፊያው 75 በመቶ ነው። የደንብ ፈተናም አለ። ከዚያ በክፍል፣ በመዋኛ ገንዳና በክፍት ውኃ የማስተማር ችሎታው ይታያል። አመልካቹ ቢያንስ 100 ጊዜ መጥለቁን የሚያሳይ መዝገብና ባለፉት 12 ወራት ሐኪም የፈረመበት የጤና ወረቀት ማቅረብ አለበት። የፊዚክሱን ፈተና ለምን እንደሚደግሙት አልገባኝም፤ የቦይል ሕግ በድርጅት አይለወጥምና። የደንቡን ፈተና ግን ፍትሐዊ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ፈቃዱን የሰጠው ድርጅት ሥራውን ቢያቆምስ? አዲስ አበባ ላይ ያደጉ አንባቢዎች ወወክማን የሚያስታውሱት በስፖርት ሜዳው ይሆናል። የአሜሪካው ወወክማ ግን ከ1959 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ስኩባ ያስተምር ነበር፤ በ2008 ፕሮግራሙን ዘጋ። ተማሪዎቹ ካርዳቸውን እንደያዙ መጥለቃቸውን ቀጠሉ። አሠልጣኞቹ ወይ ወደ ሌላ ድርጅት መሻገር ነበረባቸው፣ ወይም ከባልደረቦቻቸው አንዳንዶቹ እንዳደረጉት አዲስ ድርጅት ማቋቋም።

ፈተናው የማይነካው አንድ ጉዳይ ደግሞ በተለይ ለእኛ ሰዎች አለ። በዚህ አካባቢ የፖቶማክና የኦኮኳን ውኃ ድፍርስ ስለሆነ ሥልጠናው የሚሰጠው በገንዳና ውኃ በሞላባቸው አሮጌ የድንጋይ ካባዎች ነው። ውድብሪጅ በምትገኝበት በፕሪንስ ዊሊያም ካውንቲ፣ ሄይማርኬት አጠገብ ያለው የሚልብሩክ ካባ ለዚህ ሥራ የታወቀ ነበር። (በ2006 ዜብራ መስል የምትባለዋን ወራሪ ባለ ዛጎል ለማጥፋት ፖታሲየም ክሎራይድ የተጨመረበት ውኃ ነው፤ ተሳክቶም ጠፍታለች።) እነዚህ ሁሉ ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ አይሉም። እዚህ የሠለጠነ አሠልጣኝ አገር ቤት ገብቶ ተማሪዎቹን ወደ ላንጋኖ ቢወስድ ግን 1,580 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ፓዲ ከ300 ሜትር በላይ ያለን ውኃ ሁሉ በከፍታ ቦታ እንደሚደረግ ጠለቃ ይቆጥረዋል።

ላንጋኖ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው 83 በመቶ ያህል ነው። ውኃ ውስጥ ሳለን በደማችንና በሥጋችን የሟሟው ናይትሮጅን፣ ወደ ላይ ስንወጣ የታሸገ አምቦ ውኃ ሲከፈት እንደሚሆነው አረፋ ሊሠራ ይችላል። ከላይ የሚጠብቀው ግፊት ባነሰ ቁጥር አረፋው ይበረታል። በስሌቱ መሠረት ላንጋኖ ላይ 18 ሜትር የጠለቀ ሰው በባሕር ሠንጠረዥ ከ21 ሜትር በላይ እንደጠለቀ ሊቆጠር ይገባዋል። በሁለቱ ጥልቀቶች መካከል የሚፈቀደው ጊዜ በደቂቃዎች ይቀንሳል። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ የዓሣ ነባሪ ሻርኮችን ለማየት ጅቡቲ የሚጠልቁ ሰዎችም አሉ፤ ሰሜን ካሮላይና የሚገኘው የጠላቂዎች አስቸኳይ ጥሪ መረብ ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው አውሮፕላን ከመሳፈሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመክራል። 2,300 ሜትር ላይ ወደምትገኘው አዲስ አበባ በመኪና የሚመለስም ቢሆን ሽቅብ መውጣቱ አይቀርምና ቆይታውን አስቀድሞ ማስላት አለበት።

ድርጅት ለመቀየር ያሰበ አሠልጣኝ በቅድሚያ መጠየቅ ያለበት፣ አባልነቱ ሳይቋረጥና ክስ ሳይኖርበት መቆየቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ነው። ዓመታዊ ክፍያው ካለፈ በኋላ ይህን ደብዳቤ ማግኘት ያስቸግራል፤ ስለዚህ የድሮውን አባልነት ከመተው በፊት አዲሱን በር ማንኳኳት ይሻላል።