የክር ጥሪት በወለጋ ገበያዎች

ሹራብና ዳንቴል የሚሠሩ ሰዎች በሄዱበት ከተማ ሁሉ ክር ይፈልጋሉ። የያዙትን ሥራ የሚጨርሱበትን ብቻ ገዝተው አይመለሱም፤ ገና ላልጀመሩት፣ አንዳንዴም ገና ላላሰቡት ሥራ ጭምር ገዝተው ያስቀምጣሉ። ይህ የክር ጥሪት በከንቱ የሚከማች አይደለም። ዛሬ በአንድ ሱቅ የታየ ቀለም በሚቀጥለው ወር ላይገኝ ይችላል፤ ውፍረቱና ክረቱም ከፋብሪካ ፋብሪካ፣ ከፈታይ ፈታይ ይለያያል። በሌላው ዓለም ለክር ብቻ ተብሎ ረጅም መንገድ ይኬዳል፤ ከስኮትላንድ በስተሰሜን ባሉት የሼትላንድ ደሴቶች እ.ኤ.አ. በ2010 የተጀመረው የሱፍ ሳምንት ከብዙ አገር ሹራብ ሠሪዎችን ይሰበስባል።

በወለጋ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በነቀምቴም ሆነ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በሻምቡ ወይም በደምቢዶሎ፣ ክር ፈላጊ አንድ ሱቅ ገብቶ ሁሉንም ላገኝ ቢል አይሳካለትም። በእጅ የተፈተለው ጥጥ በገበያ ቀን ከፈታይ ሴቶች ዘንድ ነው። የሸማ ክር ሸማኔው ቤትና ለሸማኔ ከሚያቀርበው ነጋዴ ይገኛል። የሹራብ ክር፣ ኪሮሽና መርፌ ከአዝራር፣ ከዚፕና ከስፌት ክር ጋር በልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫዎች ይደረደራሉ። የሱፍ ክር የሚፈልግ ደግሞ፣ እንግዳ ቢመስልም፣ ሰልባጅ ተራ መሄድ ይኖርበታል። ስለዚህ በወለጋ ክር መሰብሰብ ከሱቅ ሱቅ ሳይሆን ከሙያ ሙያ መዞር ነው፤ ይህ ደግሞ የክሩን አመጣጥ ለማወቅ ከአንድ ሙሉ መደርደሪያ ይልቅ ያስተምራል።

አካባቢው ለጨርቅና ለክር ንግድ አዲስ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጎጃም ነጋዴዎች ከባሶ ገበያ ተነሥተው ዓባይን እየተሻገሩ በጉዱሩ ወደ አሰንዳቦ ይመጡ ነበር፤ ወደ ምዕራብ የሚዘልቀው ንግድ ደግሞ በሌቃ ምድር በቢሎ በኩል ያልፍ ነበር። አሞሌ ጨው፣ ዶቃና ጨርቅ ይገባ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ዝባድ ይወጣ ነበር። በኋላ በዳግማዊ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል እ.ኤ.አ. በ1902 በተፈረመው ውል በባሮ ወንዝ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ሲፈቀድ ለምዕራብ ወለጋ ሌላ በር ተከፈተ። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ከሱዳን በእንፋሎት መርከብ የሚመጣው አቡጀዲድ ወደ ደምቢዶሎ አካባቢ ይወጣ ጀመር፤ ቡናው በዚያው መንገድ ይወርድ ነበር። ጣቢያው እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በሱዳን አስተዳደር ሥር ቆየ። ተቆርጦ ለመሰፋት የተዘጋጀ የፋብሪካ ጨርቅ በዚህ ብዛት ሲገባ የእጅ ፈትል ይጠፋል ተብሎ ሊታሰብ ይችል ነበር። አልጠፋም፤ ጋቢና ቡሉኮ የሚወድ ሰው የእጅ ፈትልን ሙቀት በአቡጀዲድ አይለውጥምና። በወለጋ ቡሉኮ ዛሬም ሽማግሌ የሚለብሰው፣ በሠርግና በክብር ዕለት የሚሰጥ ልብስ ነው።

ጥጡ የሚመጣው ከቆላ ነው። ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ነቀምቴ ለጥጥ ትበርዳለች፤ ከቤኒሻንጉል ቆላማ ቦታዎችና ከሌሎች ሞቃት አካባቢዎች የሚመጣው ግን በገበያ ይሸጣል፤ በኦሮምኛ ጅርቢ ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ከዚያ የሚቀጥለው ሥራ የሴቶች ነው። ጥጡ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ እየተዳመጠ ፍሬው ይወጣል፤ በደጋን ይነደፍና ባዘቶ ይሆናል፤ ባዘቶው በአመልማሎ ተጠቅልሎ በእንዝርት ይፈተላል። የተፈተለው ልቃቂት በልቃቂት ላይ እየተጨመረ በሙዳይ ወይም በእንቅብ ይቀመጣል። አንዲት ባለሙያ ከቤት ሥራ በተረፋት ሰዓት እየፈተለች ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ክር ለማከማቸት ወራት ይፈጅባታል፤ ሲሞላላት ለሸማኔ ትሰጣለች። የክር ጥሪት ማለት በዚህ አገር ከሁሉ በፊት ይህ ነው፤ ሊከበርም የሚገባው ሙያ ነው።

ገዢ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ልዩነት አለ። ለድር የሚፈተለው ቀጭንና የከረረ ነው፣ በሸማኔው ዕቃ ላይ ተወጥሮ መቆየት አለበትና፤ ለማግ የሚፈተለው ላላና ለስለስ ይላል። ሹራብ ወይም ዳንቴል ለሚሠራ ሰው የማጉ ልስላሴ ይስባል፤ ብቻውን ግን ቶሎ ይበጠሳል። የከረረው ድርም በነጠላው ከተሠራ ጨርቁን ወደ አንድ ጎን ያጣምመዋል። ሁለቱም ችግሮች አንድ መፍትሔ አላቸው፤ ሁለት ወይም ሦስት ክር አንድ ላይ አድርጎ፣ ሲፈተል ከዞረበት በተቃራኒ አቅጣጫ በእንዝርት መግመድ ነው። የተገመደው ክር በሙቅ ውኃ ተነክሮ ቢደርቅ ከሥራ በኋላ የሚመጣው መሸብሸብ ይቀንሳል። የእጅ ፈትል ዋጋ ከፋብሪካው ይበልጣል፤ ያለፈበትን እጅና ሰዓት ለሚያስብ ሰው ዋጋው ውድ አይደለም።

ሸማኔዎች ዛሬ ለድር የሚጠቀሙት በአብዛኛው የፋብሪካ ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅና እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች ፋብሪካዎች ሸማ ሥራን በእጅጉ ለውጠውታል። ለጥለት የሚገባው የሚያብረቀርቀው ሳባና ወርቀ ዘቦ አብዛኛውን ጊዜ በአዲስ አበባ በኩል ያልፋል። በፋብሪካ ጥጥ ክር ላይ የሚጻፈው ቁጥር የቅጥነት ልክ ነው፤ 1 ቁጥር ማለት 840 ያርድ፣ ማለትም 768 ሜትር ያህል፣ አንድ ፓውንድ ሲመዝን ነው። 20 ቁጥር በዚያው ክብደት 20 እጥፍ ይረዝማል፤ አንድ ኪሎው ከ33 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ሲጨምር ክሩ ይቀጥናል። 20 ቁጥርን ለዳንቴል ለማዋል አምስት ስድስቱን፣ ለሹራብ ደግሞ ከዚያ እጥፍ በላይ አንድ ላይ ማድረግ ያስፈልጋል። ትዕግሥት ላለው ሰው ግን በየትኛውም የሹራብ ክር ያልታየ የቀለም ድብልቅ የሚገኘው እንዲህ ነው።

በልብስ ስፌት ዕቃ መሸጫዎች ያለው የሹራብ ክር በብዛት አክሪሊክ ነው። የበግ አገር በሆነው ወለጋ ለምን ሱፍ ጠፋ ለሚል መልሱ በጉ ላይ ነው። የአካባቢው ዝርያ የሆነው የሆሮ በግ መንታ በመውለድና በሥጋው የታወቀ ነው፤ ጠጉሩ ግን አጭርና ልሙጥ ስለሆነ አይፈተልም። ሱፍ የሚሰጠው እንደ መንዝ በግ ያለው የብርዳማ ደጋ ዝርያ ነው፤ የመንዝ ባናም ከዚያ ይሠራል። ሱፉም ሻካራ ስለሆነ ለብርድ ልብስ እንጂ ለገላ አይስማማም። አክሪሊክ ቀላል፣ ርካሽና በቀላሉ የሚታጠብ ነው። እሳት ሲነካው ግን ይቀልጣል፤ ምድጃ በሚነድበት ቤት ለሕፃን ከአክሪሊክ ይልቅ ጥጥ ይመረጣል።

ጥሩ ሱፍ የሚገኘው ከሰልባጅ ሹራብ ነው። አሮጌ ሹራብ ተርትሮ እንደገና መሥራት ቆጣቢ እናቶች ከጥንት የሚያውቁት ዘዴ ነው። ከመግዛት በፊት ሹራቡን ገልብጦ የጎኑን ስፌት ማየት ያስፈልጋል። ጠርዙ ሳይቆረጥ ተገጣጥሞ የተሰፋ ከሆነ ክሩ ከላይ እስከ ታች ሳይቋረጥ ይተረተራል፤ በመኪና ተቆርጦ የተዘመዘመ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ረድፍ ቁራጭ ሆኖ ይወጣል። ታጥቦ እንደ ጨርቅ የተጣበቀም አይተረተርም። የተተረተረው ክር በሳንቃ ላይ ተጠቅልሎ፣ በአራት ቦታ ላላ ብሎ ታስሮ ከታጠበ በኋላ ትንሽ ክብደት ተንጠልጥሎበት ሲደርቅ ጥቅልሉ ይፈታል።

ወረቀት የሌለው ክር ምን እንደሆነ ለማወቅ ጣት የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዞ ማቃጠል ይበቃል። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ ግራጫ አመድ ይተዋል፤ ሱፍ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፣ ከእሳቱ ሲርቅም ይጠፋል፤ አክሪሊክ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ጠብታ ይሆናል። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነ ለማየት በረጠበ ነጭ ጨርቅ ማሸት ነው፤ ቀይና ጥቁር ከነጭ ጋር ለሚገቡበት የኦሮሞ ባህላዊ ልብስ ይህን ሳያዩ መግዛት አይገባም።

መጠኑን ማወቅ ጥሪትን ከዝብርቅርቅ ይለያል። እንደ ክሩ ዓይነትና እንደ ስፌቱ ቢለያይም፣ ለአዋቂ ሹራብ ከ400 እስከ 600 ግራም፣ ለሕፃን ሹራብ ከ100 እስከ 150፣ ለቆብ ከ50 እስከ 100 ግራም ይበቃል። በክሩ ወረቀት ላይ ከቀለሙ ቁጥር ሌላ አንድ ላይ የተነከሩትን የሚያሳይ ቁጥር አለ፤ እርሱ ካልተመሳሰለ በሱቅ አንድ የመሰለው ቀለም በሹራቡ ላይ ተለይቶ ይታያል። በወለጋ ይህ ጥንቃቄ ይጨምራል፤ ዕቃው ከአዲስ አበባ በአምቦና በባኮ በኩል ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ነቀምቴ ይደርሳል፣ ከዚያ ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢዶሎ ይቀጥላል። በቅርብ ዓመታት በአካባቢው በነበረው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የተቋረጠ ዕቃ ቶሎ አልተመለሰም። ተጓዡም ከመነሣቱ በፊት ስለ መንገዱ ጠይቆ መሄድ፣ የወደደውን ቀለምም ለአንድ ሥራ ሙሉ አድርጎ መግዛት ይሻለዋል።

ቀሪው አያያዝ ነው። ነቀምቴ በዓመት 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከግንቦት እስከ መስከረም ይወርዳል። በእነዚህ ወራት በላስቲክ ታስሮ የተቀመጠ ጥጥ ሻጋታ ያወጣል፤ አየር በሚያሳልፍ የጨርቅ ከረጢት፣ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ ቢቀመጥ ይጠበቃል። ሱፍን የሚበላው የብል እጭ ነው፤ ቆሻሻና ላብ ያለበትን ይመርጣል፣ ስለዚህ የሰልባጅ ክር ሳይታጠብ ከሌላው ጋር አይቀላቀልም። ዝናቡ ሲያባራ ሁሉንም አውጥቶ ማናፈስ፣ ቀለም ያለውን ግን ፀሐይ እንዳያደበዝዘው በጥላ ማድረግ ያስፈልጋል። ክሩ ሲጠቀለል ላላ ይበል፤ ተወጥሮ የከረመ ሱፍ መለጠጡን ያጣል። በየጥቅሉ ላይ የተገዛበት ከተማ፣ ክብደቱና የክሩ ዓይነት የተጻፈ ወረቀት ቢታሰር፣ ከዓመት በኋላ ሥራ ሲጀመር ምን ያህል እንዳለና ከየት ሊጨመር እንደሚችል ይታወቃል።