የማይናከሰው ትንኝ በስም ሲለይ

ጆሃንስበርግ ውስጥ፣ የአገራችን ልጆች ከሚነግዱበት ከጂፒ ብዙም ሳይርቅ፣ በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አካባቢ ዩክስኬይ የሚባል ወንዝ ይነሳል። የከተማዋን ፍሳሽ እየተቀበለ ወደ ሰሜን ይወርድና ከክሮኮዳይል ወንዝ ጋር ሃርትቤስፖርት ግድብ ይገባል። የደቡብ አፍሪካን ወንዞች ጤንነት የሚመዝኑ ባለሙያዎች ውሃው ውስጥ ገብተው ድንጋዩን በእግራቸው ያምሳሉ፤ የተነሳውን በመረብ ቀልበው ነጭ ትሪ ላይ ይገለብጡና እስከ 15 ደቂቃ ድረስ የነፍሳቱን ዓይነት ይለያሉ። በትሪው ላይ ደም የመሰለ ቀጭን ትል ሲጥመለመል ከታየ፣ ብዙ ጊዜ የማይናከሰው ትንኝ እጭ ነው። የሚያቀላው ሄሞግሎቢን ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃ ውስጥ የሚያኖረውም ይኸው ነው። እጮቹ ሁሉ ግን ቀይ አይደሉም። ጎልማሳው ደግሞ ቁርጥ ቢምቢ ይመስላል፤ የሚወጋ አፍ ግን የለውም።

ሳስ በተባለው በዚህ መመዘኛ እያንዳንዱ የነፍሳት ቤተሰብ ከ1 እስከ 15 ነጥብ አለው፤ ብክለትን የማይችለው ብዙ ያገኛል። ለማይናከሰው ትንኝ የተሰጠው 2 ነው። ዘዴው ፈጣንና ርካሽ ነውና ጥቅሙን አልክድም። ይሁንና ከ6000 በላይ ዝርያ የተመዘገበለትን ቤተሰብ በአንድ ነጥብ መጨፍለቅ ብዙ ነገር ያስቀራል፤ ከመካከላቸው የፍሳሽ ጭቃ የሚስማማው አለ፣ ንጹሕ የተራራ ጅረት ካልሆነ የማይኖርም አለ።

ዝርያን መለየት ትዕግሥት የሚፈትን ሥራ ነው። የእጩ ጭንቅላት ይቆረጣል፤ ሥጋው በኬሚካል እንዲሟሟ ይደረግና ቅርፊቱ መስታወት ላይ ተነጥፎ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከአፉ ሥር እንደ መጋዝ የተሰደረ የጥርስ ረድፍ አለ፤ የጥርሶቹ ብዛትና ቅርጽ ወገኑን ይጠቁማል። ዝርያውን ለይቶ የሚያሳውቀው ግን አብዛኛውን ጊዜ የጎልማሳው ወንድ የመራቢያ አካል ነው። አንድ ዝርያ አዲስ ነው ለማለት በየሙዚየሙ ካሉት ናሙናዎች ጋር ማስተያየት ግድ ይላል፤ ከዚያም መግለጫው ይታተማል፣ ለስሙ መሠረት የሚሆን አንድ ናሙናም ይቀመጣል። ዛሬ ዲኤንኤ ያግዛል።

ከሰሃራ በታች ላለው የአፍሪካ ክፍል መሠረቱን የጣሉት የለንደኑ ፖል ፍሪማን ናቸው፤ ጥናታቸው እ.ኤ.አ. ከ1955 እስከ 1958 በክፍል በክፍል ታተመ። በደቡብ አፍሪካ ወንዞች ላይ የሠሩት አርተር ሃሪሰንም ወደ እኛ ተራሮች ዘልቀዋል። ከኖኤል ሃይንስ ጋር ስለ ኢትዮጵያ የተራራ ጅረቶች ነፍሳት እ.ኤ.አ. በ1988 አሳተሙ፤ ከ1991 ጀምሮም የኢትዮጵያን የማይናከሱ ትንኞች ለብቻቸው ጽፈውላቸዋል።

ትልቁ ክፍተት ያለው በእጩ በኩል ነው። ብዙዎቹ ዝርያዎች የተሰየሙት ከሚበርረው ጎልማሳ ስለሆነ፣ ወንዝ ውስጥ የሚገኘው እጭ የየትኛው ስም ባለቤት እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። መፍትሔው አድካሚ ቢሆንም ቀላል ነው፦ አንዱን እጭ ለብቻው በትንሽ ብልቃጥ እስኪበርር ማሳደግ፣ የጣላቸውን ቆዳዎችም ከጎልማሳው ጋር በአንድነት ማስቀመጥ።