የወደቀ ዛፍ ስለ መሬቱ የሚናገረው

ከደሴ ተነሥቶ ሐረጎን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ የሚጠማዘዘው መንገድ ርዝመቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ሲሆን፣ መንገደኛውን ከባሕር ወለል በላይ 2500 ሜትር ገደማ ከሆነው ደጋ 1850 ሜትር ገደማ ወደሆነው ወይና ደጋ ያወርደዋልና፣ ቁልቁለት ለሚወድ ብስክሌት ነጂ ከዚህ የተሻለ ስጦታ በቀላሉ አይገኝም። ይሁን እንጂ የጭነት መኪናውን ጢስና የባጃጁን ጡሩምባ የሚሸሽ ሰው አስፋልቱን ትቶ በየጎፍ ደን ወደሚያልፈው የእግር መንገድ መግባቱ አይቀርም፤ እኔም ጎማው ጥርሳም የሆነ አሮጌ የተራራ ብስክሌት ከገዛሁ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገው ይህንኑ ነው።

ባለፈው ነሐሴ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ ያደረው ዝናብ ባባራበት ማለዳ፣ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የዘጋ ባሕር ዛፍ ገጠመኝ። ግንዱ አልተሰበረም፤ የተነቀለው ከሥሩ ነው። ከነአፈሩ ተገንጥሎ እንደ ግድግዳ የቆመው የሥሩ ገበታ ከእኔ ቁመት ይበልጥ ነበር፤ ቀጫጭኖቹ ሥሮችም ገና ውሃ ያንጠባጥቡ ነበር። እኔ እስከ ምድር ሆድ የዘለቀ ይመስለኝ የነበረው ሥር ወደ ጎን እንጂ ወደ ታች ብዙ አልሄደም፤ የገበታው ውፍረት እስከ ጉልበቴ ቢደርስ ነው።

የቀደሙት ሊቃውንት ሥነ ፍጥረትን በአራቱ ባሕርያት፣ በመሬት፣ በውሃ፣ በነፋስና በእሳት፣ ሲተረጉሙ ኖረዋል፤ የዛፍን አወዳደቅ የሚመረምር ሰው ከአራቱ ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ አፍ ተሰብስበው ያገኛቸዋል። መሬት ጽኑዕ የሚሆነው ቅንጣቶቹ እርስ በርሳቸው ተጫጭነው ስለሚፋተጉ ነው። በጆንያ ታጭቆ የታሰረ ሽንብራ እንደ ግንድ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጆንያው ሲላላ ግን ያው ሽንብራ ይናዳል፤ ፍሬው አልተለወጠም፣ የተለወጠው መጨናነቁ ነው። ውሃም በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ሞልቶ መውጫ ሲያጣ፣ ከላይ ያለውን ክብደት ከፊሉን ራሱ ተሸክሞ ቅንጣቶቹን ስለሚያላቅቅ፣ ፍትጊያው ይቀንሳል፤ መሬቱም ይከዳል። ይህን ምሥጢር በሒሳብ አጽንቶ ያስተማረው ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ካርል ቴርዛጊ ሲሆን፣ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1925 ያሳተመው መጽሐፍ ለአፈር ምሕንድስና መሠረት ሆኗል።

የነፋስ ኀይል ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር በእኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ኀይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ጫፉ የሚገፋ ረጅም ዛፍም ድንጋይ እንደሚያነሣ መፈንቅል ሆኖ የገዛ ሥሩን ይፈነቅላል። በተለይም ጎረቤቶቹ ለአጠና ተቆርጠው ብቻውን የቀረው፣ ነፋሱን ለመቋቋም ያልተለማመደው ዛፍ፣ ለአንድ ሌሊት ዐውሎ ይበቃል ማለት አይቻልም። ባሕር ዛፍን ረግሞ ማለፍ የዘመኑ ልማድ ሆኗል፤ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከገባ ጀምሮ የስንቱን ቤት ጣራ እንደተሸከመና የስንቱን ምጣድ እንዳሰማ የሚያውቅ ሰው ግን ለርግማን አይቸኩልም። እውነተኛ ነውሩ ሌላ ነው፤ የረገፈው ቅጠሉ ሰምና ዘይት የደረቀውን አፈር ውሃ እንዳይጠጣ ስለሚያደርገው፣ የበጋው ድርቀት ሲያበቃ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ በቆርቆሮ ላይ እንደወረደ ሁሉ ተንሸራትቶ በእግር መንገዱ ላይ ይጎርፋል።

እዚህ ላይ እኛ ብስክሌት ነጂዎች ንስሐ መግባት አለብን። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 80 ኪሎ ቢመዝኑና ጎማው በካሬ ሴንቲ ሜትር 2 ኪሎ ያህል ግፊት ቢነፋ፣ ያ ሁሉ ክብደት የሚያርፈው በ40 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ከአንድ መዳፍ ባነሰ ስፋት ላይ ነው፤ ይህም የእግረኛ ጫማ ከሚጫነው ብዙ እጥፍ ይበልጣል። የተጫነ አህያ ኮቴም ከእኛ አይሻልም፤ ነገር ግን የኮቴ ዳና ጉድጓድ ነው፣ ውሃውን ያቁራል፤ የጎማ ዳና ግን ቦይ ነው፣ ውሃውን ይመራል። የተመራ ውሃ አፈር ይዞ ይወርዳል፤ በዓመቱ ቦዩ ቦረቦር ይሆናል። መንገዱን የዘጋ ዛፍ ሲኖርም ሰውና ከብት በጎን አዲስ መንገድ ስለሚያወጡ፣ አንዱ ጠባሳ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ዋልካው ጎማዬን ጣት ያህል ከዋጠው ብስክሌቴን ተሸክሜ እመለሳለሁ፤ ሰው ቢስቅብኝም።

በዚያ ማለዳ ግን ከመመለሴ በፊት አንድ ሽማግሌ የደን ጠባቂ ከአንድ ልጅ ጋር ደረሱ።

«አባባ፣ ቆርጠን መንገዱን እንክፈተው?» አልኋቸው።

«አብሽር ልጄ፤ መጀመሪያ ማየት ነው» አሉና፣ ድንገት ወደ ልጁ ዞረው «ተው አንተ! ከጉድጓዱ ውጣ!» ብለው ጮኹ።

ልጁ ገበታው በተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ይጫወት ነበር። የተጋደመው ግንድ ክብደት ያንን የአፈር ግድግዳ አቁሞ ይዞታል፤ ግንዱ በመጋዝ የተቆረጠ ቅጽበት ግን ገበታው ወደ ቦታው ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል፣ በውስጡ ያለውንም ይቀብራል። እንዲሁም ሁለት ጫፉ ተደግፎ መካከሉ የጎበጠ ግንድ እንደ ተለጠጠ ደጋን ነውና፣ መጥረቢያ ሲነካው ተስፈንጥሮ ይመታል። የደን አዋጁ፣ ቁጥር 1065/2010፣ ከመንግሥት ደን ያለ ፈቃድ ዛፍ መቁረጥን የከለከለ መሆኑን ብንተወው እንኳ፣ ለባለሙያው ማስታወቅ ከመቁረጥ የሚቀድምበት ምክንያት ይህ ብቻ ይበቃል።

ማስታወቅም ራሱ ሥርዐት አለው። ከዓመት በፊት በሌላ ቦታ የወደቀ ዛፍ ልናገር ስልክ ደውዬ፣ ቦታው የት እንደሆነ ብጠየቅ «ከትልቁ ዋርካ በላይ» ብዬ መለስኩ፤ በዚያ ሰፈር ሦስት ትልልቅ ዋርካ ነበር። ዛሬ ግን ቦታውን ከስልኬ ካርታ ላይ አነባለሁ፤ ዛፉ ምን እንደሆነ፣ ግንዱ በስንት እቅፍ እንደሚያዝ፣ ከሥሩ ተነቅሎ ወይስ ከወገቡ ተሰብሮ እንደሆነ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነክቶ እንደሆነ፣ ከሁሉም በላይ ጫፉ ወደየት እንደተኛ እናገራለሁ።

አተኛኘቱን ያስተማሩኝ እኒያው ሽማግሌ ናቸው። ነፋስ የጣላቸው ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተኛሉ። መሬቱ ራሱ ሲንሸራተት ግን ነገሩ ይለያል፤ የተናደው ወገን እንደ ማንኪያ በጎደጎደ ገጽ ላይ ወደ ኋላ እየዞረ ስለሚወርድ፣ በላዩ የበቀሉት ዛፎች ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ኋላቸው፣ ወደ ተራራው ያዘነብላሉ። በጦሳና በአዝዋ ገደል መካከል ለተቀመጠችው፣ በባዛልት ድንጋይ ላይ የተከመረ ልል ሸክላማ አፈር ለሞላባትና የመሬት መንሸራተት ለተደጋገመባት ለደሴ፣ እንዲህ ያለ ዛፍ ከወደቀው ይልቅ የሚያስፈራ ነው።

ሽማግሌው ከወደቀው ባሕር ዛፍ ሃያ እርምጃ ያህል ከፍ ብለው ወደ ተራራው ያዘነበሉ ሁለት ጥዶች አሳዩኝ፤ ከበላያቸውም በሣር የተሸፈነ ስንጥቅ ነበረ። እኔ ፎቶ ሳነሣ እርሳቸው ሁለት ካስማ ቀርጸው፣ አንዱን ከስንጥቁ በላይ፣ አንዱን ከበታቹ ተከሉና፣ በመካከላቸው ያለውን በስንዝር ለኩ።

«ሦስት ስንዝር ከአራት ጣት» አሉኝ፤ «ለቀበሌው ስትናገር ይህንንም ጨምረህ ንገር። ቅዳሜ ስትመለስ ደግሞ እንለካዋለን።»